ቀና ብሎ መቆም ሲያቅት፤ ስለ ሶአስ ጡንቻ ማወቅ የሚገባን

ካቻምና ክረምት ላይ አንድ የሚኒባስ ታክሲ ሾፌር ወደምሠራበት የሕክምና ተቋም መጣ። ዕድሜው ሠላሳዎቹ አጋማሽ ላይ ነው። ወገቡን ከታመመ ሁለት ወር እንዳለፈው፣ መሪ ላይ ሲቀመጥ ቀለል እንደሚለው፣ ከመኪናው ሲወርድ ግን ቀና ብሎ መቆም እንደሚያቅተው ነገረኝ። በዕለቱ ተራ የሚጠብቀው ሰው ብዙ ነበር። እኔም ቀኑን ሙሉ ከመቀመጥ የመጣ የጡንቻ መኮማተር ነው ብዬ ገመትኩ፤ ማስታገሻ አዘዝኩለትና ‹‹በየመሐሉ እየወረድክ ተንቀሳቀስ›› ብዬ አሰናበትኩት።

ከሦስት ሳምንት በኋላ እናቱ ደግፈውት ተመለሰ። በመሐሉ ወጌሻ ዘንድ ሄዶ ሁለት ጊዜ ታሽቷል። አሁን ደግሞ በቀኝ ብሽሽቱ ሥር የዶሮ እንቁላል የሚያህል እብጠት ወጥቶበታል። ሠፈር ውስጥ አንዱ ‹‹ቡአ ነው››፣ ሌላው ‹‹ንፍፊት ነው›› ብሎታል። አልጋው ላይ በጀርባው እንዲተኛ አደረግኩት። ግራ እግሩ ቀጥ ብሎ ተዘረጋ፤ ቀኝ ጉልበቱ ግን እንደታጠፈ ቀረ። ቀስ ብዬ ላቃናው ስሞክር ወገቡ ከአልጋው ተነሥቶ ጮኸ። እናቱ ይህን ሲያዩ፣ ‹‹የኔ ልጅ፣ ሌሊት ልብሱን የምቀይርለት እኔ ነኝ፤ በላብ ተነክሮ ነው የሚያድረው። ሥጋውም እንዲህ አልነበረም፣ አልቋል›› አሉኝ። እኔ በመጀመሪያው ቀን ያልጠየቅኩትን ጥያቄ እሳቸው ሳይጠየቁ መለሱት።

የልጁን ነገር በመጨረሻ እመለስበታለሁ። ዛሬ ላወጋችሁ የፈለግኩት ይህን ሰው ጎብጦ እንዲሄድ ስላደረገው፣ ብዙዎቻችን ስሙን እንኳ ሰምተነው ስለማናውቀው ጡንቻ ነው።

የት ይገኛል?

ጡንቻው በሕክምናው ቋንቋ ‹‹ሶአስ›› ይባላል። ቃሉ ከግሪክ የመጣ ሲሆን የወገብ ጡንቻ እንደማለት ነው። በወገባችን ግራና ቀኝ አንድ አንድ አለን። ወገባችንን በእጃችን ስንዳብስ የምናገኛቸው ጡንቻዎች ከአከርካሪው በስተኋላ ያሉት ናቸው። ሶአስ ግን ከአከርካሪው በፊት ለፊትና በጎን፣ ከሆድ ዕቃ በስተጀርባ ተሸሽጎ የሚገኝ በመሆኑ በቀላሉ አይዳሰስም።

በሥጋ ቤትና በምግብ ቤት ‹‹ፊሌቶ›› የሚባለውን ለስላሳ ሥጋ የሚያውቅ ሰው ሶአስን ለማወቅ ብዙም አይቸገርም። ከከብቱ የወገብ አጥንት በውስጥ በኩል ተጋድሞ የሚገኘው ይህ ሥጋ በዋናነት የከብቱ ሶአስ ጡንቻ ነው። የእኛም በዚያው ቦታ፣ በዚያው ቅርጽ ይገኛል።

ሶአስ የሚነሣው ከመጨረሻው የደረት አከርካሪ አጥንትና ከአምስቱ የወገብ አከርካሪ አጥንቶች ጎን ነው። ከዚያ ቁልቁል እየጠበበ ይወርዳል። የዳሌ አጥንትን ውስጠኛ ገጽ ሸፍኖ ከሚነሣውና ‹‹ኢሊያከስ›› ከሚባለው ጡንቻ ጋር ይገናኝና ሁለቱ በብሽሽት ጅማት ሥር አልፈው በጭን አጥንት የላይኛው ክፍል፣ በውስጥ በኩል በምትገኝ ትንሽ ጉብታ ላይ ይጣበቃሉ። አንድ ላይ ስለሚሠሩ ሐኪሞች ሁለቱን በአንድ ስም ‹‹ኢሊዮሶአስ›› ብለው ይጠሯቸዋል። በዚህ አቀማመጡ ሶአስ የወገብን አከርካሪ ከጭን አጥንት ጋር በቀጥታ የሚያያይዝ ጡንቻ ነው።

ምን ይሠራል?

ዋና ሥራው ጭንን ወደ ሆድ ማንሳት ነው። ደረጃ ስንወጣ፣ ዳገት ስንያያዝ፣ ታክሲ ውስጥ ለመግባት እግራችንን ከፍ ስናደርግ፣ ኳስ ስንመታ፣ ስንሮጥ ጉልበታችንን ወደ ፊት ስንወረውር ከፍተኛውን ድርሻ የሚወስደው ይህ ጡንቻ ነው። እግራችን ሳይንቀሳቀስ ሲቀር ደግሞ በተቃራኒው ይሠራል። ጠዋት ከመኝታችን ቀና ብለን ስንቀመጥ ሰውነታችንን ወደ ፊት ከሚስቡት ጡንቻዎች አንዱ ሶአስ ነው። ከዚህ በተጨማሪ ቆመንም ሆነ ተቀምጠን አከርካሪያችን እንዳይዋዥቅ ያግዛል።

ጡንቻው ሲታመም የሚታየው ነገር ከዚህ ሥራው ይመነጫል። ማንኛውም የታመመ ጡንቻ መለጠጥን ይጠላል። ሶአስ የሚለጠጠው እግራችንን አቅንተን ስንቆም ወይም ስንተኛ ነው። የሚላላው ደግሞ ጭናችንን ወደ ሆድ ሰብሰብ ስናደርግ ነው። ስለዚህ ሶአሱ የታመመ ሰው ሳያውቀው ጎንበስ ይላል፤ ጉልበቱን አጥፎ ይተኛል፤ ሲራመድ ያነክሳል። ‹‹ስቀመጥ ይሻለኛል፣ ስቆም ያመኛል›› የሚለው የሾፌሩ አነጋገር አንዱ ፍንጭ ይኸው ነበር።

ጎረቤቶቹ እነማን ናቸው?

የዚህ ጡንቻ ሕመም ከሌሎች ሕመሞች ጋር የሚምታታው በጎረቤቶቹ ምክንያት ነው። ከላይ ኩላሊት ተደግፎት ይቀመጣል። ከኩላሊት ወደ ፊኛ የሚወርደው የሽንት ቱቦ በላዩ ላይ ያልፋል። በቀኝ በኩል ትርፍ አንጀት፣ በግራ በኩል የትልቁ አንጀት የታችኛው ክፍል ይጎራበቱታል። ወደ እግር የሚሄዱት ትልልቅ የደም ሥሮች በጎኑ ይወርዳሉ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ወደ ብሽሽትና ወደ ጭን የሚሄዱት ነርቮች የሚሰባሰቡትና የሚከፋፈሉት በራሱ በጡንቻው ውስጥ ነው።

በመሆኑም ሶአስ ሲታመም አንዱ ‹‹ወገቤን››፣ ሌላው ‹‹ሆዴን››፣ ሌላው ‹‹ኩላሊቴን››፣ ሌላው ደግሞ ‹‹ጭኔ ይደነዝዘኛል›› ብሎ ይመጣል። የጎረቤቶቹም ሕመም እንዲሁ ወደ እሱ ይሻገራል። የትርፍ አንጀት ሕመም ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ትርፍ አንጀቱ ከትልቁ አንጀት በስተጀርባ ተሸሽጎ የሚገኝ ከሆነ ሲቆጣ ያረፈበትን ሶአስ ያስቆጣል። በዚህ ጊዜ ሐኪሙ ታማሚውን በግራ ጎኑ አስተኝቶ ቀኝ እግሩን ወደ ኋላ ሲስበው ከባድ ሕመም ይሰማዋል። ይህ ‹‹የሶአስ ምልክት›› ተብሎ የሚታወቅ ምርመራ ነው። ምልክቱ አለመኖሩ ግን ትርፍ አንጀት አይደለም አያሰኝም።

እዚህ ላይ ለቤተሰብ አንድ ምክር አለኝ። እምብርቱ አካባቢ የጀመረው ሕመም ወደ ቀኝ የታችኛው ሆዱ የወረደ፣ የምግብ ፍላጎቱ የጠፋ፣ ቀኝ ጎኑን ይዞ ጎንበስ ብሎ የሚሄድ ሰው ካያችሁ ሆዱን አታሹት፤ የሚያስቀምጥ መድኃኒትም አትስጡት። በዚያው ዕለት ወደ ሕክምና ውሰዱት።

መግል ሲቋጥር

ሶአስ በጠንካራ ሽፋን የተከበበ ነው። ይህ ሽፋን እንደ ቧንቧ ነው፤ ላይ ወገብ ዘንድ የገባ መግል በዚያው ተከትሎ እስከ ብሽሽትና ጭን ድረስ ሊወርድ ይችላል። መግሉ ከሁለት ዓይነት ምንጮች ይመጣል።

የመጀመሪያው በተለመዱ ባክቴሪያዎች የሚመጣ ነው። ባክቴሪያው ከቆዳ ቁስል ወይም ከሌላ ቦታ በደም ተጉዞ ወይም ከኩላሊት፣ ከአንጀትና ከአከርካሪ ተሻግሮ ጡንቻው ውስጥ ይገባል። የስኳር ሕመም ያለባቸው፣ የኤች አይ ቪ መድኃኒት ያልጀመሩ ወይም ያቋረጡ፣ የኩላሊት እጥበት የሚያደርጉ ሰዎች ይበልጥ ይጋለጣሉ። ትኩሳት፣ የወገብ ወይም የጎን ሕመምና ማንከስ ሦስቱ የታወቁ ምልክቶቹ ናቸው። ሐኪሙ ኸርማን ሚንተር ሕመሙን በጽሑፍ ያስቀመጠው እ.ኤ.አ. በ1881 ነው። ይሁን እንጂ ሦስቱም ምልክቶች ተሟልተው የሚታዩት በጥቂቶች ላይ ነው። ስለዚህ ሦስቱም እስኪሟሉ መጠበቅ አይገባም።

ሁለተኛው ምንጭ የቲቢ በሽታ ነው። ብዙ ሰው ቲቢን የሚያውቀው በሳል ነው። ኢትዮጵያ የዓለም የጤና ድርጅት ከፍተኛ የቲቢ ጫና አለባቸው ብሎ ከዘረዘራቸው 30 አገሮች አንዷ ስትሆን፣ ከሳንባ ውጭ የሚከሰተው ቲቢም በአገራችን የተለመደ ነው። ከአጥንቶች መካከል ቲቢ አብዝቶ የሚያጠቃው አከርካሪን ነው፤ በተለይም የደረቱን የታችኛ ክፍልና የወገቡን የላይኛ ክፍል። ሶአስ የሚነሣውም ከዚያው አካባቢ ነው። የተጎዳው አጥንት መግል ሲያፈልቅ መግሉ በሶአስ ሽፋን ውስጥ እየተንሸራተተ ወርዶ ብሽሽት ላይ እብጠት ሆኖ ይወጣል።

ይህን እብጠት አታላይ የሚያደርገው አለመጋሉና አለመቅላቱ ነው። እንደ ሌላ ብጉንጅ አይነዝርም። ሐኪሞች ‹‹ቀዝቃዛ እብጠት›› የሚሉትም ለዚህ ነው። በዚህ የተነሳ ቡአ ወይም ንፍፊት ነው እየተባለ ጊዜ ያልፋል። አንዳንዴም በምላጭ ይበጣል። ቀዝቃዛ እብጠትን በቤት ውስጥ መብጣት ሌላ ባክቴሪያ እንዲገባበትና ለረጅም ጊዜ እየመገለ የማይደርቅ ቁስል እንዲሆን መንገድ መክፈት ነው።

በሽታው አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1910 ሁለት ተመራማሪዎች ከዛሬ ሦስት ሺህ ዓመት ገደማ በፊት በግብፅ የኖረን የአሙን አምላክ ካህን አስከሬን መርምረው ነበር። ነስፔሬሃን የተባለው ይህ ካህን አከርካሪው በበሽታው ተሰብሮ የጎበጠ ሲሆን፣ የሶአስ ጡንቻው መግል ቋጥሮበት እንደነበረ የሚያሳይ ምልክትም ተገኝቶበታል። የአከርካሪ ቲቢ እስከ ዛሬ ‹‹የፖት በሽታ›› ተብሎ የሚጠራው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1779 አከርካሪው የጎበጠና እግሮቹ የሰነፉ ሰው የሚያሳየውን ምልክት በጽሑፍ ባቀረበው በእንግሊዛዊው ቀዶ ሐኪም በፐርሲቫል ፖት ስም ነው።

በእኛና በካህኑ መካከል ያለው ልዩነት ዛሬ በሽታው የሚድን መሆኑ ነው። በአገራችን መመሪያ መሠረት የአጥንት ቲቢ ሕክምና በጠቅላላው 12 ወራት ይፈጃል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት አራት ዓይነት መድኃኒት፣ በቀጣዮቹ አሥር ወራት ሁለት ዓይነት መድኃኒት ይወሰዳል። መድኃኒቱ በመንግሥት ጤና ተቋማት በነፃ ይሰጣል። የሚያስፈራው መዘግየቱ ነው። ሕክምናው ከዘገየ አከርካሪው ሊጎብጥ፣ ኅብለ ሰረሰር ሊጫንና እግር ሊሽመደመድ ይችላል።

ብዙ ጊዜ የምጠየቀው ሌላው ጉዳይ ‹‹ቤተሰብን ይይዛል ወይ?›› የሚለው ነው። ቲቢ የሚተላለፈው ከሳንባና ከጉሮሮ በትንፋሽ ነው። አከርካሪ ላይ ብቻ ያለ ቲቢ በአብሮ መብላትም ሆነ በመቀመጥ አይተላለፍም። ሳንባውም መኖር አለመኖሩን ማረጋገጥ ስለሚያስፈልግ ግን የደረት ምርመራ ይደረጋል፤ የቤተሰብ አባላት በተለይም ሕፃናት ይታያሉ። ዕቃ መለየትና ታማሚውን ማግለል አያስፈልግም።

ደም ማቅጠኛ ለሚወስዱ

በአገራችን በልጅነት የጉሮሮ ሕመም ሰበብ የልብ በር ጉዳት የደረሰባቸው ብዙ ወጣቶች አሉ። ከእነዚህ መካከል ሰው ሠራሽ ብረት ነክ የልብ በር የተተከለላቸው ደም እንዳይረጋ ‹‹ዋርፋሪን›› የተባለውን መድኃኒት ዕድሜ ልክ ይወስዳሉ። እግራቸው ወይም ሳንባቸው ላይ ደም የረጋባቸውም እንዲሁ ለተወሰነ ጊዜ ይወስዳሉ። የመድኃኒቱ መጠን ሲበዛ በሶአስና በኢሊያከስ ጡንቻዎች ውስጥ ደም ሊፈስ ይችላል። ሄሞፊሊያ በሚባለው ደም ያለመርጋት ሕመም የተያዙ ልጆችም ለዚህ የተጋለጡ ናቸው።

ምልክቱ ድንገት የሚጀምር የብሽሽት ወይም የጎን ሕመም፣ እግርን ማቃናት አለመቻልና የጭን የፊት ክፍል መደንዘዝ ነው። የፈሰሰው ደም የጭንን ነርቭ ሲጫን ጉልበት ይከዳል። ከፍተኛ ደም ከፈሰሰ ደግሞ የፊት መገርጣት፣ ማዞርና ራስን መሳት ይከተላል። ይህ ድንገተኛ ሕክምና የሚያስፈልገው ነው። ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው ወገቤን አመመኝ ብሎ ከመድኃኒት ቤት ዲክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን መግዛት የለበትም፤ እነዚህ ማስታገሻዎች የመድማት አደጋውን ያባብሱታል። በጡንቻ የሚሰጥ መርፌም እንዲሁ አደጋ አለው። የትኛውም የሕክምና ተቋም ሲገቡ የመጀመሪያው ንግግርዎ ‹‹ደም ማቅጠኛ እወስዳለሁ›› የሚል ይሁን። ‹‹አይ ኤን አር›› የተባለውን የደም ምርመራም ቀጠሮውን ሳያሳልፉ ያድርጉ።

አብዛኛው ግን ቀላል ነው

እስካሁን ያነሣሁት አንባቢን እንዳያስደነግጥ እፈራለሁ። ወገቡን ወይም ብሽሽቱን ያመመው ሰው ሁሉ መግል የለበትም። ድንገት የጀመረ የወገብ ሕመም አብዛኛው በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይሻለዋል፤ ለዚህም ከመተኛት ይልቅ እንደ አቅም እየተንቀሳቀሱ መቆየት ይጠቅማል።

ሶአስም እንደ ማንኛውም ጡንቻ ይደክማል፣ ይሰነጠቃል፣ ይጠነክራል። ሳይሟሟቅ ኳስ ሜዳ የገባ፣ ለታላቁ ሩጫ አንድ ሳምንት ሲቀረው ከእንቅልፉ የነቃና ዳገት መሮጥ የጀመረ ሰው ብሽሽቱን ሊያመው ይችላል። የስቅለት ዕለት ሲሰግድ ውሎ በማግስቱ ጭኑና ብሽሽቱ የተሳሰረበትም ብዙ ነው። እንዲህ ያለው ሕመም ከሥራው ጋር ግልጽ ግንኙነት አለው፤ ትኩሳት የለውም፤ ከቀን ወደ ቀን እየቀነሰ ይሄዳል። ጡንቻው በእርግጥ ተሰንጥቆ ከሆነ ለማገገም ሳምንታት ሊወስድ ስለሚችል ወደ ስፖርቱ ቀስ በቀስ መመለስ ያስፈልጋል። አንዳንድ ሰው ደግሞ እግሩን ሲያቃና ብሽሽቱ ላይ ‹‹ቋ›› የሚል ድምፅ ይሰማል። የጡንቻው ጅማት በአጥንት ላይ ሲሻገር የሚፈጠር ድምፅ ሲሆን፣ ሕመም ከሌለው አያሳስብም።

ረጅም ሰዓት መቀመጥስ? ሾፌሮች፣ ልብስ ሰፊዎች፣ ሸማኔዎችና የቢሮ ሠራተኞች ቀኑን ሙሉ ሶአሳቸው በላላበት ሁኔታ ይቆያሉ። ሲነሡ ወገባቸው ቢሳሰርና ቀና ለማለት ጊዜ ቢወስድባቸው አይገርምም። ይህ ማለት ግን የወገብ ሕመም ሁሉ መንስኤው የሶአስ ማጠር ነው ማለት አይደለም። በማኅበራዊ ሚዲያ ‹‹ይህን ጡንቻ ብታላሉ ጭንቀታችሁም፣ የሆድ ሕመማችሁም ይጠፋል›› የሚሉ ብዙዎች ናቸው፤ ለዚህ የሚበቃ ማስረጃ የላቸውም።

ጡንቻው መጠንከሩን በቤት ውስጥ መገመት ይቻላል። ምንጣፍ ላይ በጀርባዎ ይተኙ። አንድ ጉልበትዎን በሁለት እጅዎ ይዘው ወደ ደረትዎ ይሳቡ። የሌላው እግርዎ ጭን ወለሉን እንደነካ ከቀረ ጥሩ ነው። ሳይፈልጉ ወደ ላይ ከተነሣ በዚያ በኩል ያለው ጡንቻ ጠንክሮ ሊሆን ይችላል። የምርመራው ፈልሳፊ በ19ኛው ክፍለ ዘመን በሊቨርፑል ከተማ ይሠራ የነበረው የአጥንት ሐኪም ሂው ኦወን ቶማስ ሲሆን፣ እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል።

የሚከተሉትን እንቅስቃሴዎች አብዛኛው ጤነኛ ሰው ሊሠራቸው ይችላል።

አንደኛ፣ ማፍታቻ። የታጠፈ ብርድ ልብስ ላይ በቀኝ ጉልበትዎ ይንበርከኩ፤ ግራ እግርዎን ወደ ፊት አድርገው መሬት ያስረግጡ። ጀርባዎን አቅንተው፣ መቀመጫዎን ጨበጥ አድርገው ሰውነትዎን ትንሽ ወደ ፊት ይግፉ። በቀኝ ብሽሽትዎ የመሳብ ስሜት ሲሰማዎ እየተነፈሱ 30 ሰከንድ ይቆዩ። ሦስት ጊዜ ይድገሙና እግር ይቀይሩ። ወገብዎን ወደ ኋላ አይለምጡ።

ሁለተኛ፣ ማጠንከሪያ። ወንበር ጫፍ ላይ ቀጥ ብለው ይቀመጡ። ወደ ኋላ ሳይደገፉ አንድ ጉልበትዎን ወደ ላይ አንሥተው አምስት ሰከንድ ይያዙ። በእያንዳንዱ እግር አሥር ጊዜ ይሥሩ። ደረጃ ለመውጣት ወይም ታክሲ ለመሳፈር እግራቸውን በእጃቸው የሚያነሡ አረጋውያን በዚህ በእጅጉ ይጠቀማሉ፤ እግርን በሚገባ ማንሣት መቻል ከመደናቀፍም ያድናል።

ሦስተኛ፣ የመቀመጫ ጡንቻን ማጠንከር። በጀርባዎ ተኝተው ጉልበትዎን አጥፈው፣ መቀመጫዎን ከወለሉ አንሥተው አምስት ሰከንድ ይቆዩ። አሥር ጊዜ ይድገሙ። ከሁሉ በላይ ደግሞ በየግማሽ ሰዓቱ ወይም በየአርባ አምስት ደቂቃው ከመቀመጫዎ ተነሥተው ጥቂት ይራመዱ። ሕመምን የሚጨምር እንቅስቃሴ ካለ ያቁሙ።

በቤታቸው የአልጋ ቁራኛ ለሚያስታምሙም አንድ ነገር ልጨምር። ታማሚው እንዲመቸው ተብሎ ቀን ከሌት ከጉልበቱ ሥር ትራስ ማድረግ ጡንቻው አጥሮ እንዲቀር ያደርጋል፤ በኋላ ማቃናቱ ከባድ ነው። በየቀኑ እግሩን ቀስ ብሎ ማቃናት፣ ሐኪሙ ከፈቀደና ለመተንፈስ ካልተቸገረ ለጥቂት ጊዜ በሆዱ ማስተኛት ይጠቅማል።

መቼ ወደ ሐኪም?

የወገብ ወይም የብሽሽት ሕመም ኖሮዎት ከሚከተሉት አንዱ ካለ ማስታገሻ እየገዙ አይቆዩ፤ ወደ ወጌሻም አይሂዱ። ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ ወይም ያልታሰበ የክብደት መቀነስ፤ ከሳምንት ወደ ሳምንት የሚብስ ወይም ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ሕመም፤ በብሽሽት ወይም በጎን የወጣ እብጠት፤ እግርን ማቃናት አለመቻል፤ የጭን መደንዘዝ ወይም የጉልበት መክዳት፤ ከዚህ በፊት የቲቢ፣ የካንሰር፣ የስኳር ወይም የኤች አይ ቪ ታሪክ መኖር። ሁለቱም እግሮች ከሰነፉ፣ ሽንት ወይም ሰገራ መቆጣጠር ካቃተ፣ ደም ማቅጠኛ እየወሰዱ ድንገተኛ ሕመም ከጀመረ ሰዓታት ሳይባክኑ ወደ ድንገተኛ ክፍል መሄድ ያስፈልጋል። ትኩሳት ኖሮት እግሩን አጥፎ ‹‹አትንኩኝ›› የሚል ወይም አልራመድም ያለ ሕፃንም እንዲሁ በዚያው ቀን መታየት አለበት፤ የዳሌ መገጣጠሚያው መግል ይዞ ሊሆን ይችላል።

ሐኪም ዘንድ ሲቀርቡ የሕመሙን ቦታ ብቻ ሳይሆን ምን ሲያደርጉ እንደሚብስና እንደሚሻልዎ ይናገሩ። የአልትራሳውንድ ምርመራ የተጠራቀመ መግል ወይም ደም ሊያሳይ ይችላል። ሲቲ ስካንና ኤም አር አይ ደግሞ ይበልጥ ያጠራሉ። የአከርካሪ ራጅ በበሽታው መጀመሪያ ላይ ጤናማ መስሎ ሊታይ ስለሚችል ‹‹ራጄ ደህና ነው›› ብሎ ምልክትን ችላ ማለት አይገባም።

ወደ ሾፌሩ ልመለስ። አልትራሳውንዱ ከወገቡ እስከ ብሽሽቱ የወረደ መግል አሳየን። ራጁ ላይ ሁለት የወገብ አከርካሪ አጥንቶቹ ተበልተው ነበር። ወደ ከፍተኛ ሆስፒታል ላክነው፤ መግሉ በአልትራሳውንድ እየታየ በመርፌ ተቀዳ። በጂን ኤክስፐርት መሣሪያ ሲመረመርም ቲቢ መሆኑ ተረጋገጠ። ነርቮቹ ገና አልተጎዱም ነበር። አሥራ ሁለቱን ወራት አንድም ቀን ሳያቋርጥ መድኃኒቱን ወሰደ። መድኃኒቱን በሰዓቱ የሚያስታውሱት እናቱ እንደነበሩ ነግሮኛል።

ሕክምናውን በጨረሰበት ሳምንት ሊያየኝ መጣ። ሳልጠይቀው አልጋው ላይ ወጥቶ ሁለቱንም እግሮቹን ቀጥ አድርጎ ዘረጋና ሳቀ። እኔም ከዚያ ወዲህ ወገቤን ያመኛል የሚለኝን ሰው፣ ተራው የቱንም ያህል ቢረዝም፣ በጀርባው ሳላስተኛና ስለ ሌሊት ላቡ ሳልጠይቅ አልሸኝም። እርስዎም ካልተጠየቁ ሳይጠየቁ ይንገሩን።